የፍርሃት የለሹ እህት

ሴፕቴምበር 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሁለት ወጣቶች በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንዱን አስተምሬዋለሁ፤ ፊደል የቆጠረው በእኔ እጅ ነው። ጃንጥላዬን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋና በዝግታ፣ «መምህር፣ እናንተ ቤት በሰው ራስ ቅል ነው የሚጠጣው የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ።

«የኮኮናት ቅርፊት ነው» አልኩት።

«አይተውታል?»

«በገዛ ቤቴ ያለውን ዕቃ አያውቁም ልትለኝ ነው?» ብዬው ሄድኩ። ጽዋውን ግን አላየሁትም። ከውሃ ጉድጓዱ ወዲያ ያለውን የኋላ ክፍል ወንድሜ ከያዘው ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። ድሮ የአባታችን የመጻሕፍት ክፍል ነበር።

ወንድሜ ቦንኩ የባንክ ሥራውን ጥሎ ሲጠፋ እናታችን በሕይወት ነበረች። ሲመለስ ግን አልቆየችውም። ጸጉሩ ገመድ ሆኖ፣ ቀይ ጨርቅ አገልድሞ፣ ስሙንም ኒርቦይ ባባ ብሎ መጣ። ኒርቦይ ፍርሃት የለሽ፣ ባባ ደግሞ አባት ማለት ነው። ልጅ ሳለ እኔ ፋኖስ ይዤ ካልቆምኩለት ጓሮ አይወጣም ነበር። አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ደቀ መዛሙርቱ ይመጣሉ። የሚያስተምራቸው ታንትራን ነው፤ ያውም የግራውን መንገድ። ሌላው ሰው ርኩስ ብሎ የሚሸሸውን መጠጡን፣ ሥጋውን፣ ሬሳ የሚቃጠልበትን ቦታ፣ እነሱ በዚያ በኩል ነው ወደ ሴት አምላካቸው ወደ እናት ካሊ የሚቀርቡት። የእኛ ከተማ ደግሞ ሥጋና መጠጥ የማይነኩ የክሪሽና አማኞች ከተማ ናት። ሽንኩርት እንኳ ደጃፋቸው የማይደርስ ቤቶች አሉ።

የግቢውን በር ደጋግሜ አየሁት። ተዘግቷል።

ሴፕቴምበር 12

ቸኩያለሁ፣ የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኛል።

ምሳ ላይ ለቦንኩ ስለ ወጣቶቹ ነገርኩት። ሳቀ። «ዲዲ፣ ራስ ቅል ቢሆንስ? ባለቤቱ እንደሆነ አልፈለገውም» አለኝ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ዛሬም ዲዲ ነው የሚለኝ። እኔም ሳቅኩ። እሱ ካለበት ሳቅ አይጠፋም።

ቶሩ ዓሣውን ይዛ መጣች። ቶሩ የሟቿ የአክስቴ ልጅ ልጅ ናት፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደራቸው አምጥቼ ኮሌጅ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ቦንኩ ሳህኑን ከእጇ ተቀብሎ፣ «ተቀመጪ፤ እናት ይቀርብላታል እንጂ አታቀርብም» አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሳህኑን ከፊቷ አኑሮ እስክትበላ ጠበቀ። እሷም በላች። ዓሣው እሾህ የበዛበት ነበር መሰለኝ፣ በጣም ቀስ ብላ ነው የበላችው።

ሴፕቴምበር 17፣ ሐሙስ

ገበያ ውስጥ ከዱባ ክምር ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። የጎረቤታችን የቢኖዲኒ ድምፅ ነው። «ሴቶቹን የምታመጣለት እህትየዋ ናት። መምህር ናት ብሎ ማን ይጠረጥራታል?»

የትኞቹን ሴቶች? የደቀ መዛሙርቱ ሚስቶች በገዛ እግራቸው ነው የሚመጡት። እኔ ያመጣሁት ቶሩን ብቻ ነው። እሷንም ለትምህርት። ዱባ ሳልገዛ ተመለስኩ።

አመሻሹ ላይ ጎስዋሚ መጡ። በወንዶች ትምህርት ቤት ሳንስክሪት ያስተምራሉ፤ የክሪሽና ቤተ መቅደስ አለቃም ናቸው። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

«መምህር ሄምላታ፣ እኔ ከወንድምዎ ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። «መጽሐፍ ያውቃል ሲባል እሰማለሁ። እንግዲያው ይምጣና በሕዝብ ፊት ከመጽሐፍ ያሳየን። ይህ የሚሄድበት መንገድ የእግዜር ነው ወይስ የሆዱ፣ እንከራከር። ከረታኝ እግሩን እስማለሁ።»

«ባይመጣስ?»

«ወጣቶቹን እስከ መቼ እንደምይዛቸው አላውቅም» አሉና ወደ ወጥ ቤታችን ጣሪያ ተመለከቱ። ጣሪያው ሳር ነው። ማስፈራራታቸው አይመስለኝም። እሳቸውም የፈሩ ይመስላሉ። ይህ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ሴፕቴምበር 23

ቦንኩ እሺ አለ። እንደውም ደስ አለው፤ ገላውን ሲታጠብ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ክርክሩ ኦክቶበር 18 እሑድ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን የካሊ በዓል ነው። ድንኳኑንና ድምፅ ማጉያውን ፖልቱ ሻህ ያመጣል። ፖልቱ ሻህ መንገድ የሚሠራው ኮንትራክተር ነው፤ ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣና መጨረሻ የሚወጣ ሰው። ቶሩን ሲያይ እጆቹን ገጥሞ እስከ መሬት ያጎነብስላታል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንዲያ ሲያጎነብስ ሳየው አፈርኩ። ለማን እንዳፈርኩ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 28

ቶሩ ለአምላካችን ለእናት ዱርጋ በዓል ወደ መንደሯ ሄዳ አጎቷ ጋ ልታሳልፍ ጠየቀችኝ። ወንዙ ሞልቷል አልኳት። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ጀልባ አያስተማምንም አልኳት።

የዓሣ ነጋዴዋ ዛሬም ከማዶ በጀልባ መጥታለች። ግን እሷ ለምዳዋለች።

ኦክቶበር 2፣ ዓርብ

የዱርጋን ምስል ወደ ወንዙ የሚያወርዱበት ቀን ነው። ከበሮ ከጠዋት ጀምሮ። እኔና ቶሩ የወንዙ ደረጃ ላይ ቆምን። ሴቶቹ ሳሪያቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ከእኛ ራቅ አሉ። ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ዝም ብለው ብቻ ቦታ ለቀቁልን። ቢኖዲኒ ልጇን በእጁ ጎትታ ወሰደችው። ቶሩ፣ «አክስቴ፣ ጥሩ ነው፤ በደንብ ይታየናል» አለችኝ።

ስንመለስ በራችን እበት ተለጥፎበታል። ቶሩ አጠበችው። እኔ መንገዱን ስጠብቅ ቆየሁ።

ኦክቶበር 6፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ልጻፈው።

ቦንኩ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ጠራኝና የካሊ በዓል ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ በሚቀመጡበት ክብ መሃል ቶሩ እንደምትቀመጥ ነገረኝ። የሸክላው ምስል አይኖርም። የምትመለከው እሷ ናት።

«መመለክ ማለት?» አልኩት።

«አበባ በእግሯ፣ ዕጣን በፊቷ። አንቺ ምን መስሎሽ ነው? ገበያ መሃል የሚወራውን ነው እንዴ የምታምኚው?»

«አይደለም። መጽሐፎችህን ግን አንብቤአለሁ። አምስት ነገር ይላል። መጠጥ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የተቆላ እህል።»

«ለደካማ እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው። ለጀግና መጠጥ መጠጥ ነው።»

«አምስተኛውስ? ወንድና ሴት የሚገናኙበት?»

አየኝና ፈገግ አለ። ሩዙ እንዳያር ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ ግን ተመልሼ፣ «ጠይቀሃታል?» አልኩት።

«ወንዝ ይጠየቃል እንዴ ዲዲ?» አለና የእጄን አንጓ ያዘኝ። ሲይዘኝ ድምፁ አልተለወጠም። «ሰው ሁሉ ሲያባርረኝ በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ። አሁን ልትዘጊው ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ለቀቀኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ሲናገር ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ። ይህች ከተማ ሙሉ ዕድሜዬን ባል የሌላት መምህር እያለች ከንፈር መጥጣብኛለች። በእሱ ቤት ግን እናት ካሊ ባል አትፈልግም፤ ሬሳ ረግጣ ነው የምትቆመው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝማሬው በግድግዳው በኩል ሲሰማኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ አብሬ እላለሁ። የሚለው ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ኦክቶበር 7

ረጅም እጅጌ ለበስኩ። የክፍሌ ልጆች፣ «መምህር፣ አይሞቅዎትም?» አሉኝ። በርዶኛል አልኳቸው።

ኦክቶበር 9፣ ዓርብ

ጥርሴን አመመኝ ብዬ አስፈቅጄ በቀትር ወደ ሬሳ ማቃጠያው ሄድኩ። ኬፒ ማ የምትባለዋን ፈልጌ ነው። እብዷ እናት ማለት ነው። ከትልቁ የባንያን ዛፍ ሥር ካለችው ጎጆ የማትለይ፣ ቦንኩን ሁለት ክረምት ያስተማረች አሮጊት ናት። ውሾቿ ተነሱብኝ። ድንጋይ አንስታ አባረረቻቸው፤ ድንጋዩን ግን እኔ እስክቀመጥ አልጣለችውም።

«ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ሙዝ።»

«አረቄ የለም?»

የለም አልኳት። በቅጠል የተጠቀለለች ሲጋራዋን ለኮሰች። ነገሩን ነገርኳት።

«ወንድምሽ ጭንቅላት አለው» አለች። «አንዴ ያሉትን ይይዛል። እዚህ ማደር ግን አልሆነለትም። ሲመሽ ወደ ከተማ ይሸሽና ሲነጋ አመድ ተቀብቶ፣ እዚሁ ያደረ መስሎ ይመጣል። እያወቅኩ ዝም አልኩት። መናገር ነበረብኝ።»

«ሴትን እንዲህ ማስቀመጥ ግን በመንገዳችሁ አለ?»

«አለ እንጂ። እኔም ተቀምጫለሁ። ለሙዝ ብዬ ነው እዚህ የቀረሁት ልትይ ነው?» ጢሱን አወጣች። «ያስተማረኝ ጉሩ ሲጠይቀኝ እምቢ አልኩት። ዓመት ቆይቶ ጠየቀኝ፣ እምቢ አልኩት። በመጨረሻ ራሴ ሄጄ ለመንኩት፤ ያን ጊዜም ሂጂና አስቢበት ብሎ አባረረኝ። ደግ ሰው ነበር። ቢሆንም አንዳንዴ እረግመዋለሁ።»

«ለምን?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው። ልጅቷ ምን አለች?»

«አልጠየቅኳትም።»

ሲጋራዋን መሬት ላይ አጠፋች። «የት ነው የምትተኛው?»

«ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል።»

«እሷ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ አንቺ እስከዚህ በፀሐይ መጥተሽ እኔን ትጠይቂያለሽ» አለች። «በይ ሂጂ። ሙዙን ተይው።»

ኦክቶበር 11

አልጠየቅኳትም። ራስ ምታት። ወረቀት ማረም።

ቶሩ ኮሌጅ መሄድ አቁማለች። ባባ እስከ በዓሉ ከግቢ እንዳትወጣ፣ የወተት ሩዝ ብቻ እንድትበላ አዟል። ፖልቱ ሻህ ቀይ ሳሪ አምጥቶላታል፣ ዳሩ በወርቅ ክር የተሠራ። ልትለካው ፈልጋ እጥፋቱን እንድይዝላት ጠራችኝ። እጥፋቱ ሦስቴ ተበተነባት። እኔ አስተካከልኩላት። ያምርባታል አልኳት። ያምርባታልም።

ኦክቶበር 14፣ ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ገባሁ። ፖልቱ ሻህና ቦንኩ ከኋላው በረንዳ ላይ ነበሩ። እኔ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ ነበር።

«ባባ፣ እኔ ከክቡ ውስጥ ነኝ አይደል?»

«ውስጥ ነህ።»

«ከእርስዎ በኋላ?»

ቦንኩ የመለሰውን አልሰማሁም። ፖልቱ ሻህ ሳቀ።

የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ዝናብ ይጥል ነበር። ባልዲው ሲያንጠባጥብም ይሰማል። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለ አምልኮው ተራ ሊሆን ይችላል። በደንብ አልሰማሁም።

ኦክቶበር 16

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱን፣ ወተት የሚያመጣውን ሰው፣ ወጣቶቹ ገበያ ላይ ደበደቡት። ጆሮው ይደማል። የወጥ ቤቱ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ፖሊሱ መጥቶ ግድግዳውን አየና፣ «እስከ እሑድ ከቤት ባትወጡ ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ።

ቶሩን አሁን ብልካት መንገድ ላይ ያገኟታል። እዚህ ብትቀር ደግሞ። ከክርክሩ በፊት ብትጠፋ፣ ሴቲቱን ደበቃት ብለው ቤቱን ያቃጥሉታል። ከክርክሩ በኋላ ይሻላል። ከእሑድ በኋላ ሁሉም ይረጋጋል።

ስብርባሪውን ስንጠርግ ቶሩ ቀና ሳትል፣ «አክስቴ፣ እናቴ ብትኖር ትወስደኝ ነበር?» አለችኝ።

«ወዴት?» አልኳት።

«ወዴትም» አለችና ጠረጋዋን ቀጠለች።

ኦክቶበር 18፣ እሑድ

የሆነውን ሁሉ እንዳለ ልጻፍ፤ ነገ አሳምሬ እንዳልጽፈው።

ሜዳው ሞልቶ ሰው አጥሩ ላይ ወጥቶ ነበር። ጎስዋሚ ነጭ ለብሰው፣ መጻሕፍታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ቦንኩ ምንም አልያዘም። ወጣቶቹ ከኋላ ቆመዋል፣ ዱላቸውን በጃንጥላ ጨርቅ ጠቅልለው። ቶሩን ቤት ነበር የተውኳት፤ ፖልቱ ሻህ በመኪና አምጥቶ ከፊት ረድፍ ከእኔ ጎን አስቀመጣት።

ጎስዋሚ ጀመሩ። መጻሕፍቱ መጠጥ ሲሉ ከራስ አናት የሚንጠባጠበውን የተመስጦ ማር ማለታቸው ነው አሉ፤ ሥጋ ማለት አንደበትን መግታት፣ ዓሣዎቹ ደግሞ ሁለቱ ትንፋሾች ናቸው። «ምልክት ነው። አንተ ታዲያ ምልክቱን ለምን ከዓሣ ተራ ትገዛዋለህ?»

ሰው ሳቀ። ቦንኩም ሳቀ። «እርስዎ ምሳዎን በምልክት ነው የሚበሉት?» አላቸው። ይበልጥ ሳቁ።

«መድኃኒትና መርዝ ከአንድ ቅጠል ይወጣል» አሉ ጎስዋሚ። «መጻሕፍቱ ራሳቸው ይህ ለጥቂቶች ነው ይላሉ።»

«ጥቂቶች ነን። እኛን ሊያይ የመጣው ነው የበዛው።»

ከዚያ ተነሳ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰው ለመስማት ወደ ፊት ተጠጋ። «ልጆቻችሁን እሳት ያቃጥላል ትሏቸዋላችሁ። አልዋሻችሁም። ያደገ ሰው ግን ያበስልበታል። የሞተ ልጃችሁን ተሸክማችሁ ወደ ማቃጠያው ስትመጡ እናት ካሊ በር ላይ ቆማ፣ ቆሽሻችኋል፣ ታጥባችሁ ግቡ ትላችኋለች? እሷ እዚያው አመዱ ውስጥ ናት። እኔ የምፈልጋት እዚያ ነው።» ወደ ኋላ ረድፍ ዞረ። «በእኔ ክብ ውስጥ ቆዳ ፋቂው ከካህኑ ከብራህሚኑ ጎን ተቀምጦ ከአንድ ጽዋ ይጠጣል። የጎስዋሚን ቤተ መቅደስ ደጃፍ የረገጠ ቆዳ ፋቂ ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ብዙ ሆኑ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። እውነት ነበር የተናገረው።

ጎስዋሚ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «በዚህ መልስ የለኝም» አሉ። «ልጠየቅበትም ይገባኛል። እንግዲህ መጻሕፍቱን እንተዋቸው። አንድ ነገር ብቻ፣ እሱም ለእሱ አይደለም። መምህር ሄምላታ የዚህን ሜዳ ግማሽ ሰው አስተምረዋል። ውሸት ሰምተንባቸው አናውቅም። በዚያ ቤት በሰው ላይ ክፉ ነገር እንዳልተደረገ እሳቸው ይንገሩን። የእሳቸውን ቃል እቀበላለሁ።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቦንኩ ድምፅ ማጉያውን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። «ንገሪያቸው ዲዲ» አለኝ በፍቅር።

ቆምኩ። የወጣቶቹን ዱላ አየሁ። የሰማሁትን ብናገር እዚያው ይገድሉታል፤ ቶሩም በአገሩ ሁሉ ፊት ስሟ ይጠፋል። ቶሩን አላየኋትም። አጠገቤ ነበረች፣ ዞሬ አላየኋትም።

«በቤቴ ክፉ ነገር አልተደረገም» አልኩ። ድምፄ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነጥሮ ተመልሶ ሰማሁት።

ጎስዋሚ ቃላቸውን ጠበቁ። ሰባ ዓመት የሆናቸው ሰው ጎንበስ ብለው የቦንኩን እግር ሳሙ። ሰው ጮኸ፣ አበባ ወረወረ።

አልዋሸሁም። አልተደረገም።

ኦክቶበር 19፣ ሰኞ

ግቢው ከጠዋት ጀምሮ በሰው ተሞልቷል። ትናንት ዱላ የያዙት ወጣቶች ዛሬ የሩዝ ድስት ይሸከማሉ። ቢኖዲኒ የአበባ ጉንጉን አምጥታ ለቶሩ አጠለቀችላት። አሁን ማንም፣ ምንም ቢሰማ፣ አያምንም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ቶሩ ወጥ ቤት ሆና የኮኮናት ሥጋ ስትፍቅ አገኘኋት። በሩን ዘግቼ፣ «ቶሩ፣ ረቡዕ እንድትቀመጪ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

መፋቋን አላቆመችም። «አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አሁን ነው።»

«አክስቴ፣ እርስዎ ትናንት ስለ እኔ መለሱልኝ እኮ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ቅርፊቱን አስቀምጣ ሌላ አነሳች።

ኦክቶበር 20፣ ማክሰኞ

ከጀልባው ወርደን አውቶቡስ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።

በቀትር በዋናው በር ወጣን፣ ሰው ሁሉ እያየ። ቶሩ የኮሌጅ ቦርሳዋን ብቻ ነው የያዘችው። ቦንኩ ደቀ መዛሙርቱን ትቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው ዲዲ?»

«እወስዳታለሁ።»

ፈገግ እያለ፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንኳን አንቺ ወንዙም አይወስዳትም» አለኝና አንጓዬን ያዘኝ። እዚያው ቦታ፣ ባለፈው ያበለዘኝ ላይ።

«ቦንኩ» አልኩት፣ «አንድ ቃል ቀርቶኛል። ድንኳኑ እንዳለ ነው። እሑድ በእኔ ቃል አበባ የወረወሩልህ ሰዎች ዛሬም በእኔ ቃል ይነሳሉ። ከፖልቱ ሻህ ጋር የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ።»

ፈገግታው ጠፋ። ጓሮ ለመውጣት እየፈራ የሚያየኝን ልጅ መሰለ። «ይገድሉኛል» አለኝ።

«አዎ።»

«ታደርጊዋለሽ?»

«አደርገዋለሁ» አልኩት። እንደማደርገውም አወቅኩ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከእሱ ይልቅ ራሴን ነው የፈራሁት።

«ዝም ካልሽ እለቃችኋለሁ» አለ። «ዛሬም፣ ነገም፣ ሁልጊዜም ዝም ካልሽ።»

እሺ አልኩት። ለቀቀኝ። ለሰዎቹም ዞሮ እናት ልትታጠብ ወደ ወንዝ እየወረደች ነው አላቸው። መንገድ ከፈቱልን። አንዳንዶቹ የቶሩን እግር ነኩ።

ጀልባው ላይ ከእኔ ማዶ ተቀመጠች።

ኦክቶበር 24፣ ባርዳማን

የድሮ ባልደረባዬ ለበዓሉ ልጆቿ ጋ ሄዳለች፤ የቤቷን ቁልፍ ሰጥታኛለች። ሁለት ክፍል ከላይ፣ ወጥ ቤት ከታች። የካሊ ሌሊት ርችቱ እስኪነጋ ሲፈነዳ ነበር። ቶሩ ከክፍሏ አልወጣችም።

ዛሬ ከከተማችን መጥቶ እዚህ የሚማር አንድ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝ። ሰላም አለኝ፣ ደስ ብሎታል። በዓሉ እንዲህ ደምቆ አያውቅም አለኝ። ጎስዋሚ ራሳቸው አበባ ልከዋል።

«ምስሉን ከየት አመጡ?» አልኩት።

«ምስል አልነበረም መምህር። ልጅ ናት የተቀመጠችው።»

«የማን ልጅ?»

«ከሩቅ ያመጧት ናት አሉ። ፊቷ ተከናንቦ ነበር፣ ሲያስገቧት ታለቅስ ነበር። ከደስታ ነው አሉ።» ከዚያ አክብሮት እንዳጎደለ ሁሉ ፈጥኖ፣ «እናቴም ሄዳ ነበር። ድሮ ትፈራ ነበር፤ መምህር ሄምላታ ከመሰከሩ ወዲህ ሁሉም ሰው ይሄዳል» አለኝ።

ስሟን ጠየቅኩት። አያውቅም።

ለጎስዋሚ መንገር እችላለሁ። አውቶቡሱ ጠዋት ይነሳል። ለቦንኩ ግን ቃል ገብቻለሁ። ብናገርም ቤቱን ያቃጥሉታል፤ ልጅቷም እዚያው ውስጥ ብትሆንስ? ደግሞ ማን ያምነኛል? የትኛውን ቃሌን? ነገ በደንብ አስብበታለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።

ራት ሠርቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ቶሩ፣ «እዚያው ደረጃው ላይ ያስቀምጡልኝ፣ አክስቴ» አለችኝ። ወርጄ እስክርቅ ጠበቀችና ወሰደችው።

ትንሽ ቆይቶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። በሯን ከውስጥ ቆልፋ ወንበር አስደግፋበታለች።

በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም የለም።